ጋሼ ደምመላሽ የታዩበት እሑድ

አቶ ደምመላሽ ሠርግም ላይ ሆነ ለቅሶ ላይ ሳያነሡት የማይነሡ አንድ ወሬ ነበራቸው። በፈረንጆቹ 1965፣ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ሳሉ፣ አንድ እሑድ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ቀርበው ነበር።

"ስለ አገሬ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ጠያቂው እንግሊዝኛዬን ሰምቶ ከወንበሩ ብድግ አለ" ይላሉ። ለማየት የሚጓጓ ካለም መልሱ ዝግጁ ነው፦ "ያኔ ቴፑን ደምስሰው ሌላ ይቀዱበት ነበር። የኔም ጠፍቷል፤ ያሳዝናል።"

ሚስታቸው እታፈራሁ ይህን ወሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሰምታዋለች። በሃያ ዓመቷ ነው ከደብረ ብርሃን አስመጥተው ያገቧት፤ በዐሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጧት "እርስዎ" እያለች ኖረች። በሰው ፊት እንግሊዝኛ ለመናገር አፏን ስትከፍት "አታዋርጂኝ" ይሏታል። ለንደን ውስጥ ፓርክ ሮያል በሚባለው ሰፈር፣ ዳቦ ፋብሪካ ስትሠራ ቋንቋውን አቀላጥፋ ተምራዋለች፤ ሃርልስደን ቤቷ ስትደርስ ግን ከጫማዋ ጋር በር ላይ አውልቃው ትገባለች።

የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ላይ ሆስፒታል ሄደው ነበር። "ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም ይበሉልኝ" አለቻቸው። አቶ ደምመላሽ ለሐኪሙ፣ "ትንሽ ደክሟታል፤ ፈሪ ናት" ብለው አስተረጐሙላት። ያሉት ገብቷታል። አፏን ግን አልከፈተችም። ሐኪሙ እረፍት አዝዞ መለሳቸው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሞቶ ተወለደ።

ከዚያ በኋላ የተወለደችው ባርኮት አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የድሮ ፊልሞች በሚቀመጡበት ድርጅት ትሠራለች። በፈረንጆቹ 2008 የጸደይ ወራት ድርጅቷ ዋይት ሲቲ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ የስልሳዎቹን የአንድ እሑድ የቴሌቪዥን ሥርጭት ከጠዋቱ የቤተ ክርስቲያን ጸሎት እስከ ማታው መዝናኛ በየተራው ሊያሳይ ተዘጋጀ። ባርኮት ዝርዝሩን ቼክ ስታደርግ የአባቷን ስም አገኘች። አባቷ ወጣ ባሉበት ሰዓት ላፕቶፗን ይዛ እናቷ ዘንድ መጣች።

"ማሚ፣ አባቢን አገኘሁት። ግን ሶሪ... አንቺው እዪው።"

የካርቶን ዘንባባ ቆሟል። አንድ ነጭ ኮሜዲያን ትልቅ ድስት ውስጥ ተቀምጧል። በዙሪያው ወገባቸው ላይ ቅጠል ያሰሩ፣ ጠጉራቸው ውስጥ አጥንት የሰኩ አራት ጥቁር ወጣቶች ይዘላሉ። ከግራ ሁለተኛው ደምመላሽ ነው። እንደ ዝንጀሮ ይጮሃል፤ ኮሜዲያኑ በጭልፋ አናቱን ሲለው ዐይኑን አጉረጥርጦ ይወድቃል። ሕዝቡ ይሥቃል።

ባርኮት አለቀሰች። "ይሄን ቆርጬ አወጣዋለሁ" አለች።

እታፈራሁ ድገሚልኝ አለቻት። ለሦስተኛ ጊዜም አየችው።

"አይቆረጥም" አለች በመጨረሻ። "አባትሽ ያውቁታል። እየሣቁ ነግረውኛል። ሰርፕራይዝ ይሁንላቸው።"

እናቷ ዋሽታት አታውቅም። ባርኮት እንባዋን ጠረገች። የጸሎት ቤታቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ደውላ የጠራችው እታፈራሁ ራሷ ናት፤ "ጋሼ ደምመላሽ ያስረዱናል" እያለች። እሳቸውም የሚያስረዱት ሰው በመገኘቱ ደስ ብሏቸው ግራጫ ሱፋቸውን አስተኰሱ።

እሑድ ዕለት ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ትርጉም ለማያስፈልገውም ለሚያስፈልገውም እኩል ተረጐሙለት። ጸሎቱ አለፈ፤ የገበሬዎቹ ፕሮግራም፣ የጦርነቱ ፊልም፣ የልጆቹ ተከታታይ አለፈ። ከዚያ ሙዚቃ ተመታና የካርቶኑ ዘንባባ ብቅ አለ።

እታፈራሁ የምታየው ስክሪኑን ሳይሆን የባሏን ማጅራት ነበር። መጀመሪያ ደርቆ ቀረ። ቀጥሎ ላብ አወጣ።

"ጋሼ፣ ምን እያሉ ነው?" አለች ከጸሎት ቤቱ ሰዎች መካከል ከኋላቸው የተቀመጠችው ጌጤነሽ።

"ይሄ እንኳ ተራ ቀልድ ነው። እንነሣ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል።"

ማንም አላወቃቸውም። ሊያልፍ ነበር። እታፈራሁ ብድግ አለችና ጮክ ብላ፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ "ከግራ ሁለተኛው ባለቤቴ ናቸው" አለች።

አዳራሹ ጸጥ ሲል የስክሪኑ ሰዎች ብቻ ሣቁ። ከጐናቸው አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ፊቱ በርቶ ተነሣና እጃቸውን ጨበጠ።

"እርስዎ ነበሩ? እናቴ በሣቅ ከወንበሯ ወድቃ ነበር እኮ! እስቲ ያችን ድምፅ፣ አንዴ ብቻ!"

አቶ ደምመላሽ የጸሎት ቤቱን ሰዎች አዩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረው ጥርሳቸውን ገለጡ፤ ቀስ ብለው ጮሁለት። "አመሰግናለሁ" አላቸው ሽማግሌው። "እኔ ነኝ የማመሰግነው" አሉ አቶ ደምመላሽ። ጌጤነሽ ፊቷን አዞረች። ባርኮት ከፕሮጀክተሩ አጠገብ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ወደ ቤት የሚወስዳቸው አውቶቡስ ውስጥ ጐን ለጐን ተቀመጡ።

"ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ነበር" አሉ አቶ ደምመላሽ። "ለጨፈረ ሳንድዊች አለ አሉን።"

እታፈራሁ በመስኮቱ ታያለች። ስክሪኑ ላይ ያየችው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት የጐድን አጥንት ትዝ አላት፤ ፊቷን ወደ ባሏ መለሰች።

"እታፈራሁ፣ ምን አድርጌሽ ነው?"

"ልጁን ታስታውሳለህ?" አለች። "አንተ" ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

ግንባራቸውን ቋጥረው ከልባቸው አሰቡ።

"የቱን ልጅ?"

ከዚያ ወዲያ አላናገረቻቸውም።

በማግሥቱ ባርኮት ከሥራ ቀርታ መጣች። "አባቢ ያውቃል ብለሽኝ ነበር እኮ" አለች ገና ከበሩ።

"ብዬሽ ነበር።"

"ዋሸሽኝ? በኔ እጅ?"

"አዎ።"

አባቷን ይዛቸው ሄደች። አቶ ደምመላሽ ከዚያ ወዲህ ሠርግም ለቅሶም አልደረሱም፤ የልጃቸው አፓርታማ ውስጥ መጋረጃ ዘግተው መዋል ጀመሩ። በሳምንቱ ባርኮት ልብሳቸውን ልትወስድ መጣች። እታፈራሁ ሸሚዞቹን ተኵሳ፣ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ አስገብታቸዋለች።

"ማሚ፣ ትንሽ እንኳ አላዘንሽም?"

እታፈራሁ ልጇን ለማስደሰት ብላ መመለስ አልፈለገችም። ሐዘን ካለ ብላ ውስጧን ፈተሸች። የለም።

"ካልሲው ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው" አለች። "እንዳትረሺው።"