ይውረድ

ሌላው ሰው ስድብ ሲሰማ ደሙ ይፈላል፤ እሷ ግን ስድብ እየሰማች ነው ቤት ኪራይ የምትከፍለው። ከጎማ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው ሥራዋ፤ ጠዋት ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ትደፋና ሕዝብ በየቪዲዮው የሚወራወረውን ጸያፍ ሁሉ ስትለቅም ትውላለች። ልቅም አድርጋ ነው ታዲያ! በሙዚቃ የተሸፈነ፣ በሳቅ የተዋጠ ስድብ እንኳ አያመልጣትም። ባልደረቦቿ "ጆሮ" የሚል ስም አወጡላት፤ እሷም ወደደችው።

ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቀውን ቪዲዮ መጀመሪያ የሚሰማው ማሽን ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት። ስድብ ሲሰማ ያወርዳል፣ አለቀ። ባለቤቱ አቤት ካለ ግን ጉዳዩ ለሦስት ሰዎች ይደርሳል። ሦስቱ ሳይነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ "ይቆይ" ወይም "ይውረድ" የሚለውን ይጫናሉ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ "ይውረድ" ካለ ቪዲዮው እስከ ወዲያኛው ይጠፋል፤ ማሽኑም ከፍርዳቸው ይማራል። ከሁለቱ ተለይቶ የፈረደ ሰው ደግሞ ስሙ ላይ ቀይ ምልክት ይደረግበታል። በወር ሦስት ቀይ ያገኘ፣ ደህና ሰንብት ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ሠራተኛው የመሰለውን መፍረድ ትቶ የሌሎቹን ሐሳብ መገመት ያዘ። ሁሉም "ይውረድ" ይላሉ ብሎ ሁሉም "ይውረድ" ይላል። ከምር ሲታይ መቆየት የነበረበት ስንት ነገር እንደዚያ ተጠርጎ እንደወጣ ቤቱ ይቁጠረው። ጆሮ በዚያ ወር ሁለት ቀይ ነበረባት።

ታናሽ እህቷ ልጇን ሚጣን ይዛ ከባሏ ቤት አምልጣ እሷ ዘንድ ከተጠጋች ሳምንቷ ነው። ባልየው በሰው ፊት አንገቱን የደፋ ጨዋ ነው። "እሱ? እሱ እንኳን ሰው ዝንብ አይነካም" ይላል ጎረቤቱ ሁሉ። እህቷ ቢጨንቃት ስልኳን ቁም ሳጥኑ ላይ ደብቃ ቀረጸችውና ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። በማግስቱ ስልኩን አግኝቶ ግድግዳ ላይ ከሰከሰው። ቪዲዮውን ደግሞ ማሽኑ አወረደባት። ሌላ ቅጂ የሚባል ነገር የላትም፣ ችሎቱ ነገ ጠዋት ነው። ጠበቃዋ እንቅጩን ነግሯታል፤ ቪዲዮው ከተመለሰ ሚጣ ከእናቷ ጋር ትቀራለች፣ ካልተመለሰ ቤትና ደሞዝ ያለው አባትየው ይወስዳታል።

"እታለም፣ አቤቱታዬ አንቺ እጅ ይገባ ይሆናል እኮ" አለቻት ጠዋት፣ የሚጣን ጸጉር እያበጠረች።

"ከገባማ አለቀ! እኔ እያለሁ?" አለች ጆሮ ጫማዋን እያሰረች።

ገባ። ረፋዱ ላይ ስክሪኗን ስትከፍት የእህቷ ሳሎን ፊቷ ድቅን አለ። ባልየው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። "እወድሻለሁ እኮ። ልጅቷን ይዘሽ ከዚህ በር ከወጣሽ ግን ሁለታችሁንም አንድ ጉድጓድ ነው የምከታችሁ። ገባሽ፣ የኔ ቆንጆ?" በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ስድብ የለችም። ከዚያ እህቷ ጮኸች፤ "አንተ ውሻ! የውሻ ልጅ!" ማሽኑ የያዘው ይህችን ነበር። ቪዲዮውን ያወረደው በሷ ስድብ ነው።

የጆሮ እጅ "ይቆይ" ላይ ሄደ። እዚያው ደረቀ። እነዚያ ሁለቱ "ይውረድ" ይላሉ፤ መቼ ሌላ ብለው ያውቃሉ? ያኔ ቪዲዮው መጥፋቱ አይቀር፣ እሷ ደግሞ ሦስተኛ ቀይ አግኝታ ትባረራለች። በከንቱ! ሦስት ሰው በምን ሊበላ ነው? ዘመዴ ናት ብላ ለተቆጣጣሪዋ ብትናገር ለሌላ ሰው ይሰጡታል፣ ያም ሰው "ይውረድ" ነው የሚለው። ሂሳቡ ከየትም ቢደመር ያው ነው አለች ለራሷ። ዓይኗን ጨፈነችና "ይውረድ"ን ተጫነች። ቀጥላም የኳስ ተመልካቾች የሚሰዳደቡበትን ቪዲዮ ከፈተች።

በምሳ ሰዓት በረንዳው ላይ ባልደረባዋ ሼባው፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ምሳ ዕቃውን እንኳ ሳይከፍት ቆሟል። አጠገቡ ሌላው ባልደረባቸው ቀጮ አለ።

"ያቺን ሚስኪን ሴት አየሃት?" አለ ሼባው። "ጉድጓድ እከታችኋለሁ የሚላትን?"

"አንተም ደረሰችህ እንዴ!" አለ ቀጮ። "እኔማ የመጣው ይምጣ ብዬ ይቆይ አልኩ። ሁልጊዜ እንዴት እየፈሩ ይኖራል?"

"እኔም ይቆይ ነው ያልኩት። ግን ወርዷል፣ አሁን አየሁት። የቱ ልበ ደንዳና ይሆን ሦስተኛው?" ወደ ጆሮ ዞረ። "ላንቺ አልደረሰሽም?"

"እኔ እንጃ፣ አላየሁም" አለች። የበረንዳውን ብረት ያዘች።

ከምሳ መልስ ተቆጣጣሪዋ ጠራቻት። "ሦስተኛሽ ነው፣ እህቴ። ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው" ብላ የመግቢያ ካርዷን ተቀበለቻት።

ቤት ስትደርስ እህቷ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ፊቷን ስታይ ገባት፤ ሆኖም ጠየቀች። "እንዴት ሆነ?"

ጆሮ ደረጃውን ስትወጣ እውነቱን ልትናገር ወስና ነበር። አፏ ግን ሌላ አወጣ። "ሁለቱ ይውረድ አሉ። እኔ ብቻዬን ይቆይ ብዬ... በዚያው አባረሩኝ።"

እህቷ እሪ ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "ወይኔ! ለኔ ብለሽ! እኔ ልደፋልሽ፣ እታለም! ቤትሽን ያፈረስኩት እኔ ነኝ!" ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። ጆሮ አነሳቻት፤ ግን አላስተባበለችም። ምስጋናው፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት።

እህቷ ዓይኗን ጠረገችና ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳበች። "እንግዲህ አንቺንም አላስርብም። ነገ ሚጣን ከሚወስድብኝ ዛሬ ራሴ ተመልሼ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። የመጣው ቢመጣ ከልጄ ጋር ነኝ።"

"ኧረ ቆይ፣ አንቺ ልጅ፣ ትንሽ እናስብበት..."

"ምኑን? ከዚህ በላይ ምን ትሆኚልኝ? ሥራሽን እንኳ ሰጠሽኝ።"

እውነቱን ብትነግራት እህቷ ዕድሜ ልኳን ትጠላታለች፤ ነገር ግን ዕዳ አለብኝ ብላ ዛሬ አትሄድም። ይህንን ጆሮ አሳምራ ታውቃለች። ሚጣ አንድ ጫማዋን አድርጋ ሁለተኛውን ስትፈልግ ለመናገር ጊዜ ነበራት። ጫማውን ከበሩ ኋላ ያገኘችው ራሷ ጆሮ ናት፤ ተንበርክካ አደረገችላት፣ ማሰሪያውንም ቋጠረች። ከዚያ ሻንጣውን አንስታ ደረጃውን ቀድማቸው ወረደች።