ጠይቆ መዋጥ

ነማኒ አፉን ሲከፍትልኝ ምላሱ በቁስል ተሞልቷል። ድዱም ይደማል። የዚህች ደሴት ነርስ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አፍ ያየሁት አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ አጎቴ ኦሪሲ የደም ካንሰር መድኃኒቱን በጀመረ ሰሞን።

“ምን በላህ?” አልኩት።

“ምን እበላለሁ ሲስተር? ያው ካሳቫ።”

“ነማኒ!”

“እሺ፣ እሺ። ከኦሪሲ ትንሽ እንክብል ጠይቄ ነበር። ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት የነበረ ሰውዬ ይኸው ጀልባ ይቀዝፋል። እኔም ወገቤን ሲያመኝ ጊዜ…”

“ስንቱን ወሰድክ?”

“ግማሹን። የአክስቴ ልጅ አይደል? ሁሉንም ብጠይቀው አይከለክለኝም ነበር።”

ደሜ ፈላ። ግን ምን እለዋለሁ? እኛ ፊጂዎች ዘንድ ዘመድ “ኬሬኬሬ” ብሎ ከጠየቀ አይከለከልም፤ ሸሚዝም ይሁን ምስማር። የከለከለ ሰው የስስት ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል።

ነማኒን አስከትዬ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል።

“አጎቴ፣ ይህ መድኃኒት ምን እንደሚሠራ አልነገርኩህም?”

“ደም ያጠራል ብለሽኛል።”

ክው አልኩ። እውነቱን ነው፤ ብያለሁ። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚለውን ስም ከማስረዳት ብዬ “ደም የሚያጠራ” ብዬ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ደም የሚያጠራ ነገር ደግሞ ማን ይጠላል?

ተቀመጥኩና እንደ አዲስ ጀመርኩ። “ደም የሚሠራው አጥንትህ ውስጥ ያለው መቅኔ ነው። ያንተ መቅኔ ነጩን የደም ሴል ያለ ልክ እያመረተ ለሌላው ደም ቦታ ነሳው። በሽታህ ይኸው ነው። እንክብሉ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ነገር እንዳይባዛ ይይዛል። ግን አረምና ቡቃያ አይለይም። በየወሩ ደምህን ዋና ከተማ ሱቫ ልኬ የማስመረምረው ለዚህ ነው፤ ቡቃያውን መንካት ከጀመረ መጠኑ ይቀነሳል። የነማኒ ማሳ ላይ ግን አረም የለም።”

“እና?” አለ ነማኒ።

“እናማ የነቀለው ቡቃያህን ነው! የቀረውን አምጣ። ካቆምክ አፍህ ይድናል፤ ትኩሳት ከተሰማህ ግን በማንኛውም ሰዓት ወደ እኔ ና።”

ነማኒ ወደ አጎቴ ዞረ። “ሰማህ? የኔ ማሳ ንጹሕ ነው። ዳዋ የበላው ያንተን ነው።”

“ያንተ ላይማ ድንጋዩ ለአረምም አልተመቸ” አለው አጎቴ፤ ሁለቱም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ጠዋት በመርከብ የመጣው የአጎቴ የደም ምርመራ ውጤት ኪሴ ውስጥ ነበር። አራት ወር ሙሉ ሲወርድ የቆየው ነጭ የደም ሴሉ እጥፍ ሆኖ ወጥቷል። ለካ አጎቴ ለነማኒ ሰጥቶ የቀረው እንዲበቃው ብሎ በቀን የሚውጠውን በግማሽ ቀንሶታል።

“ነገ ሌላ ሰው ቢጠይቅህስ?” አልኩት።

“እሰጣለሁ። ምን ልዋሽሽ? ‘አልሰጥም’ የሚል አፍ የለኝም።”

“ብትሞትም?”

መረቡን ማገላበጥ ጀመረ።

ያኔ ነው የመጣልኝ። እግሬን አጣጥፌ ፊት ለፊቱ ተስተካክዬ ተቀመጥኩና፣ እንደ ወጉ እጄን ሰብሰብ አድርጌ ሦስት ጊዜ አጨበጨብኩ። “አጎቴ፣ ኬሬኬሬ። ጠርሙሱን ከነእንክብሉ ስጠኝ።”

“ዓይኗን በጨው አጥባ!” አለ ነማኒ።

የእህት ልጅ ጠይቃ እንዴት ትከለከላለች? አጎቴ ተነስቶ ጠርሙሱን አመጣልኝ።

“እንግዲህ የኔ ነው” አልኩት። “የሰው ንብረት ለማንም አትሰጥም። በየጠዋቱ ክሊኒክ እየመጣህ ትጠይቀኛለህ፤ ፊቴ ትውጣለህ።”

ፊቱ ተለዋወጠ። አጎቴ ሲሰጥ እንጂ ሲጠይቅ ያየው ሰው የለም። ሚስቱ ስትሞት እንኳ ለቀብሯ ድግስ አንድ አሳማ ከማንም አልጠየቀም።

በማግስቱ አልመጣም። አንድ ቀን ቢያልፈው አይሞትም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ፤ ግን በብልጠቴ ልገድለው ነው ብዬ ፈራሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወጌም ይቅር፣ ክብሬም ይቅር ብዬ የዕለቱን እንክብል ይዤ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። የቤተ ክርስቲያን ሸሚዙን ለብሷል።

ወረፋ የሚጠብቁት እናቶች እያዩት ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ አጨበጨበ።

“የእህቴ ልጅ፣ መኖር እፈልጋለሁ። ኬሬኬሬ።”

ሰጠሁት። ውሃውን አቀበልኩት፤ ፊቴ ዋጠው።