አረንጓዴ ከሆነ አትነሱ

ስልኩ የተደወለው ከወንዙ ራስጌ ነው። ያለ ወቅቱ ደጋው ላይ ሲያወርደው የከረመው ዝናብ ኦሞን ሞልቶታል፤ ውሃው እናንተ ጋ፣ ካንጋተን፣ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ሰዉን አስወጡ ይላል። ሣራ ስልኩን እንኳ ሳትዘጋ ኪቦርዱ ላይ «አር»ን ተጫነች። ቀይ ማለት ነው። ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ወንዙ ዳር የቆመው ምሰሶ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ነው።

ደግማ ተጫነች። አሁንም አረንጓዴ።

መብራቱን የሠራችው ራሷ ናት። ለጎርፍ ማስጠንቀቂያው ፕሮጀክት ከጂንካ መጥታ፣ ማይክሮኮንትሮለር በሚሏት ክብሪት የምታህል የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ ባለቀለም ኤልኢዲ አምፖሎች አገናኝታ፣ ሽቦውን ከቢሮ እስከ ወንዙ ዳር ዘርግታ። «ጂ» ሲጫኑ አረንጓዴ፣ «ዋይ» ሲጫኑ ቢጫ፣ «አር» ሲጫኑ ቀይ፣ በቃ። ስንት ጊዜ ሞክራዋለች፤ ዛሬ ግን አሻፈረኝ አለ።

ኋላ እንደታወቀው ጥፋቱ የሽቦው አልነበረም። የቢሮ ባልደረባዋ ሶፊያን ጠዋት በዚያው ኮምፒውተር የአማርኛ ደብዳቤ ጽፎ፣ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ሹልክ ብሏል። እሷ «አር»ን በተጫነች ቁጥር የሚላከው «ር» ነው፤ ያቺ ቁራጭ ሰሌዳ ደግሞ «ር» የሚባል ነገር አታውቅም። ሣራ ስክሪኑን አንዴ ዝቅ ብላ ብታየው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ዓይኗ ከመስኮቱ አልነቀል አለ። ምን ታድርግ፣ ከምሰሶው ሥር፣ ማሽላ ከወፍ ከሚጠብቁት ሴቶች ጋር፣ የሦስት ዓመት ልጇ ቲቲ አለች።

«ሽቦው ተበጥሷል» አለች ለራሷ፤ ወንበሩን ገልብጣ ወጣች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ጫማዋ የት እንደወለቀ አታውቅም።

«ውጡ! ውሃ መጣ!»

ሴቶቹ ከማሽላው መሃል ቀና ቀና አሉ። መጀመሪያ ያዩት ግን እሷን አይደለም፣ መብራቱን ነው። ቲቲን የሚይዙላት አሮጊት፣ እማማ ናኪሮ፣ በሚጎተተው አማርኛቸው፣ «አረንጓዴ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«ተበላሽቶ ነው፣ እማማ።»

«ትናንት ደህና ነበር።»

ይሄኔ ሣራ ራሷ ያስተማረቻቸው ትዝ አላት። አምና ሰው «ውሃ መጣ» ብሎ ጮኾባቸው ማሳቸውን ጥለው ወጡ፤ ውሃው ቀረ፣ ማሽላውን ወፍ ጨረሰው። ስለዚህ መብራቱ የተተከለ ዕለት ሣራ ሰብስባቸው፣ «ከእንግዲህ የሰው ወሬ አትስሙ። አረንጓዴ ከሆነ ማንም ቢጮህ፣ እኔም ብሆን፣ ንቅንቅ እንዳትሉ» ብላለች። በቃላቸው እስኪይዙት አስደግማቸዋለች። እነሱም ይኸው ጎበዝ ተማሪ ሆነው ቁጭ አሉ።

«ያኔ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም የምላችሁ እኔው ነኝ» አለች። አንዷ ሳቀች። ሌላዋ ወንጭፏን አንስታ ወደ ወፎቿ ዞረች። ወንዙ እንደ ወትሮው ይፈሳል፣ ሰማዩም ጥርት ብሏል፤ ማን ይመናት?

ፈራች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። ቆማ ብትለምን ልጇም እሷም እዚያው ሊቀሩ ነው፤ ብትሄድ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ሴቶች ለውሃ ትታ ነው። ፍርሃቷ መረጠላት። ቲቲን ከእማማ ናኪሮ እጅ ነጥቃ፣ በጀርባዋ አዝላ፣ ማንንም ሳታይ ዳገቱን ተያያዘችው። እየሮጠች ታለቅሳለች፤ በራሷ አፍራለች።

 ከኋላዋ እማማ ናኪሮ በቋንቋቸው አንድ ነገር ሲናገሩ ሰማች፤ ቀጥሎ የብዙ እግር ኮቴ ተከተላት። ለማየት አልደፈረችም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሳ ዞር ስትል ሴቶቹ አንድም ሳይቀሩ አጠገቧ ናቸው፤ ከሥራቸው ውሃው ማሳውን እያግበሰበሰው ነው።

«ምን ብለዋቸው ነው፣ እማማ?» አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

እማማ ናኪሮ የቲቲን እግር ይዘው ቁጭ ብለዋል።

«መብራቱ ልጅ የለውም አልኳቸው» አሉ። «አንቺ ግን ልጅሽን አዝለሽ ሮጥሽ።»