ሊቁና የጠፋው ፋይል

በመሥሪያ ቤቱ «ሊቁ» የሚባለው ፕሮግራመር ስሙን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሌሎቹ ለቀልድ ይጠሩበታል።

ሊቁ የፕሮግራሙን ክፍሎች አሰባስቦ የሚገነባ ስክሪፕት የሚሉትን የትእዛዝ ዝርዝር ጻፈ። ግንባታው ሲካሄድ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው መልእክት ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ እንዲመዘገብም አዘዘ። ታዲያ ግንባታው በስህተት ቆመና ምክንያቱን ሊያነብ ቢሄድ ፋይሉ የውሃ ሽታ ሆኗል። ደገመው፤ አሁንም የለም።

ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩን ረገመ፣ ደህናውን ዲስክ አስለወጠ፣ የኔትወርክ ባለሙያውንም «ፋይሌን የምታጠፋው አንተ ነህ!» ብሎ አኮረፈው።

በሦስተኛው ቀን አጠገቡ የምትቀመጠው የፕሮግራም ፈታሿ ጩኸቱ ምርር አላት።

«ለመሆኑ ፋይሉን የት ነው የምታስቀምጠው?»

«አዲሱ ፕሮግራም የሚገባበት ፎልደር ውስጥ ነዋ! አንድ ላይ ይሁኑ ብዬ።»

«ግንባታው ሲጀመርስ ስክሪፕትህ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

«አሮጌው እንዳይቀላቀል ፎልደሩን ጠራርጎ ያ...»

ሊቁ ስክሪፕቱን ከፍቶ አየ። ፋይሉን የሚከፍተው የራሱ ስክሪፕት፤ በሚቀጥለው መስመር ከነፎልደሩ ጠርጎ የሚጥለውም የራሱ ስክሪፕት። ከመስመሩ ጎን ደግሞ ራሱ የጻፈው ማስታወሻ አለ፦ «ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካው!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አለ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ። «ወረቀቱስ ለቋል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።»