ባዶ ክታብ

በ1975 ዓ.ም. የጤና ጣቢያችንን የራጅ መሣሪያ የጠላሁትን ያህል ሰው እንኳ ጠልቼ አላውቅም። አሮጌ ነው፤ ሲሠራ ያጓራል። አንድ ገበሬ ደረቱን ራጅ በተነሳ በሳምንቱ ቆዳው ቀልቶ መጣብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ጨረሩ ከልክ በላይ ነው፣ ሰው እያቃጠልሁ ነው፣ ይዘጋ ብዬ ለኃላፊያችን ለጓድ ካሴ ስንት ጊዜ ነገርሁት!

«ረታ፣ በስሜት መሣሪያ አይዘጋም፤ ቁጥር አምጣ» ይለኛል።

ቁጥሩ የሚገኘው አዲስ አበባ ካሉት ጨረር ለኪዎች ነው። ስምንት ወር ደጅ ጠንቼ አሥር ትንንሽ እሽጎች ላኩልኝ። እያንዳንዷ በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለች የፊልም ቁራጭ ናት። ታካሚው ደረት ላይ ትለጠፋለች፣ ራጅ ይነሳል፣ ከዚያ ሳትከፈት ትመለሳለች። እነሱ አጥበው በሰውየው ላይ ምን ያህል ጨረር እንዳረፈ ያነባሉ። ብርሃን ከነካት ግን አለቀላት። ደግሞ አሥሩ ካልተሟሉ አንቀበልም ብለዋል።

ዘጠኙን ሰበሰብሁ። አሥረኛዋን ከወገዳ በኩል ለመጡት ለወይዘሮ ጌጤ ለጠፍሁላቸው። ራጁን እንደተነሱ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። እሱን ነካክቼ ስመለስ ሴትዮዋ የሉም፤ እሽጓም የለችም።

አንድ ቀን ሙሉ በእግሬ ሄድሁ። ያንን ገደል ስወርድና ስወጣ ያልተራገምሁት ነገር የለም። ወይዘሮ ጌጤን ደጃቸው ላይ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኘኋቸው። እሽጓ በክር ታስራ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥላለች።

ሰላምታዬን ሳልጨርስ ጮኹብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ባዶ ክታብ ትሰጠኛለህ? ሳሉ ቢብስብኝ ደብተራ ወልደማርያም ዘንድ ወሰድሁት። ፈትተው በፀሐይ አገላብጠው ቢያዩት አንዲት ፊደል የለበትም!»

«እማማ፣ ማን ክታብ ነው አለዎት?»

«ደረቴ ላይ የለጠፍኸው አንተ፤ እንዳይከፍቱት ያልኸኝም አንተ። ታዲያ ምን ልበለው?»

እሽጓን ለምኜ ተቀበልኋቸው። ደረት ላይ የሚውል፣ የማይከፈት ነገር በአገሩ ሌላ ምን አለ?

ስመለስ ንዴቴ ሌላ ሐሳብ ወለደ። ብርሃን የነካት ፊልም ስትታጠብ ድፍን ጥቁር ትሆናለች፤ ድፍን ጥቁር ደግሞ ለሚያነባት ሰው ብዙ ጨረር ማለት ነው። ሌላ ስምንት ወር ደጅ ልጠና? በአዲስ ጥቁር ወረቀት ጠቀለልኋትና ከዘጠኙ ጋር ላክኋት። ውሸት አልመሰለኝም። የማውቀውን እውነት ያገዝሁት መሰለኝ።

መልሱ በሦስተኛው ወር መጣ። ጓድ ካሴ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ዘጠኙ ከተፈቀደው ልክ በታች ናቸው። አሥረኛዋ ግን አደገኛ የጨረር መጠን ስላሳየች መሣሪያው ከዛሬ ጀምሮ ይታሸግ።»

«ልክ ነበርህ ለካ!» ብሎ እጄን ጨበጠኝ።

ዘጠኙ ደኅና። የገበሬው ቆዳ በምን እንደቀላ እግዜር ይወቅ፤ መሣሪያው ግን ጤነኛ ነበር። በራሴ አፈርሁ።

ውጭ ወረፋ የያዘው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ደጉ የሚባል፣ ደም የሚያስለው በሽተኛ። ሚስቱ ሐረገ ወይን ደግፋዋለች።

«ጌታዬ፣ ሁለት ቀን በቃሬዛ ተሸክመነው ነው የመጣን» አለችኝ።

«ራጁ ተዘግቷል። ከመካነ ኢየሱስ በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ውሰጂው።»

«ደብረ ታቦር?» አለችና ባሏን አየችው። እኔም አየሁት። እንደማይደርስ ሁለታችንም አወቅን።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትሁ። ጓድ ካሴ ማኅተሙን ይዞ አጠገቤ ቆሟል። አፌን መልሼ ዘጋሁና በሩን አሸግሁ።