ልዘጋ ነው፣ ሰው አለ?

ቲቸር እምነት የልብ ወለድ አላባውያንን አስተምራን ስትጨርስ የቤት ሥራ ሰጠችን፤ ከየሰፈራችሁ አንድ ታሪክ መርጣችሁ ገጸ ባሕርይውን፣ መቼቱን፣ ግጭቱንና መፍትሔውን አውጡ አለች። እኔ ፍለጋ መውጣት አላስፈለገኝም። ታሪኩ እኛው ቤት ተቀምጦ አፍጥጦ ያየኛል።

መቼቱ መርካቶ ነው፤ የእናቴ የሰዓደት የቦንዳ ልብስ መጋዘን፣ አመሻሹ ላይ። በእኛ ተራ ማንም ሰው በሩን ከመቆለፉ በፊት ወደ ውስጥ «ልዘጋ ነው፣ ሰው አለ?» ብሎ ይጣራል። ዝም ካለ ይቆለፋል። አምና በረመዳን እናቴ ተጣራች፤ ዝም አለ፤ ቆለፈች። ወንድሜ ነስረዲን ጾሙ አድክሞት ከቦንዳዎቹ ኋላ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ቤት አፍጥር አቅርበን ስንጠብቀው መጋዘኑ ነደደ። በማግስቱ ቀበርነው።

ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ ግን ግራ ገባኝ። ሞቶም ሁሉን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። መጋዘኑ ታድሶ፣ ግድግዳው ተቀብቶ እንኳ ሲመሽ ጭስ ጭስ ይላል።

እናቴ ዛሬም ትጣራለች። ከዚያ ቁልፉን ይዛ ትቆማለች እንጂ አትቆልፍም። ዝምታ አንዴ ዋሽቷታልና አታምነውም። ጥበቃው ጋሽ ደምመላሽ «እትዬ ሰዓደት፣ ኧረ መሸብን» እያለ ይለምናታል። በመጨረሻ ቁልፉን ከእጇ ፈልቅቄ የምቆልፈው እኔ ነኝ፤ «ልጄን ቆለፍሽበት» ስትለኝ ታድራለች። ጎረቤቱ «አማኑኤል ሆስፒታል ውሰዷት» ይላል፤ ምላሱን ይቁረጠው። አጎቴ ጁነዲን ግን ሰምቷቸው ሰኞ ሊወስዳት ቆርጧል። ግጭቱ ይኸው ነው፤ ወንድሜን አጣሁ፣ አሁን ደግሞ እናቴን ላጣ ነው።

«መፍትሔ የሌለው ታሪክስ?» ብዬ ቲቸርን ጠየቅኳት።

«መፍትሔ ከግጭቱ ነው የሚወለደው፤ ከሌላ ቦታ አታመጪውም» አለች። ለእሷ ምን አለባት፣ አስተምራ ቤቷ ትገባለች።

ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ከቦንዳዎቹ ኋላ፣ እሱ የተኛበት ቦታ ሄጄ ተቀመጥኩ። ወለሉ ይሞቃል። አልዋሽም፣ ፈራሁ። አጠገቤ ሰው የሚተነፍስ መሰለኝ፤ የእኔን ትንፋሽ ስይዝም አላቆመም።

«ልዘጋ ነው፣ ሰው አለ?» አለች እናቴ።

«አለሁ» አልኩ። «ቆዪኝ፣ መጣሁ።»

ቁልፉ ከእጇ ሲወድቅ ሰማሁ። ስወጣ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አየችኝና ከኋላዋ አቆመችኝ። በሩን ግን አልዘጋችም፤ ሰው እንደሚያሳልፍ ወደ ዳር ጠጋ ብላ ቆመች። ሞቅ ያለ፣ ጭስ ጭስ የሚል አየር ጉንጬን ታክኮኝ አለፈ።

እናቴ ጎንበስ ብላ ቁልፉን አነሣች።

«በቃ፣ ሁለታችሁም ወጥታችኋል» አለችና በገዛ እጇ ቆለፈች።

ሰኞ አጎቴ ሲመጣ ከደንበኛ ጋር በዋጋ ስትከራከር አግኝቷት ተመለሰ። መጋዘኑም ከዚያ ወዲህ ጭስ አይሸትም። ጭስ የሚሸተው አሁን ቤታችን ነው። እናቴ እንቅልፏን ትተኛለች፤ የማልተኛው እኔ ነኝ።