የዝምተኞቹ ድምፅ

...ደግሞስ ማን ነው ደካሞች ናችሁ ያለን፣ ትላለች ለራሷ፣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ እየሳበች፣ ከታች ጎሚስታው ጎማ ይደበድባል፣ ድምፅ መስጫው ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው፣ ወንድሟ ደጋግሞ ይደውላል፣ ይደውል።

እደግፋለሁ። እቃወማለሁ። ድምፀ ተአቅቦ። መደገፍ ማለት የጭነት ሹፌሮቹን ብሎክቼን፣ የጋራ የመዝገብ ሰንሰለታቸውን፣ የብዙዎችን ሰንሰለት ጠቅልሎ ለሚያስተዳድረው ትልቅ መረብ ማስረከብ ነው፣ ማን የቱን ጭነት የት እንዳደረሰ የሚመዘገብበትን፣ ሹፌሮቹ ራሳቸው ሕግ ያወጡለትን፣ ማንም ብቻውን ሊደልዘው የማይችለውን፣ ከነገ ጀምሮ መዝገቡን የሚያረጋግጡት የመረቡ ኮምፒውተሮች፣ ሕጉንም የሚቀይሩት የመረቡ ሰዎች። የጋራ ደኅንነት ማዕቀፍ ነው ክቡራን አባላት፣ ይላል የመረቡ ወኪል ስክሪኑ ላይ ጉሮሮውን እየጠረገ። ማዕቀፍ። አፍንጫህን ላስ።

መገናኘት ከሆነ ተገናኝተናል እኮ፣ ወደቡ የራሱ ሰንሰለት አለው፣ መጋዘኖቹም የራሳቸው፣ ወደቡ ጭነቱ ወጣ ብሎ መልእክት ይልካል፣ የእኛው ማስረጃውን አይቶ ይቀበላል፣ ማንም የማንም አለቃ ሳይሆን፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር ለመጫወት የቤቴን ቁልፍ ማስረከብ አለብኝ እንዴ።

ስልኩን ታነሳዋለች። ወንድምዓለም፣ ምን ፈለግክ። እባክሽ ድርቅ አትበይ፣ ይላል፣ ባለፈው መብራት ሲጠፋ መዝገቡ ቆሞ ሹፌሮቹ መጋዘኑ በር ላይ አይደል እንዴ ያደሩት፣ ረሳሽው። አልረሳችም፣ እውነቱን ነው፣ የሚያናድዳትም እሱ ነው፣ ነፃ ነን፣ ብዙ ነን፣ በአንድ ሰው አንወድቅም እያሉ ሲፎክሩ ለካ መዝገቡን የሚያረጋግጡት ኮምፒውተሮች ሁሉ አንድ ሰፈር፣ አንድ የመብራት መስመር ላይ ነበሩ፣ ሳቅ ነው እኮ፣ ግን የዚህ መፍትሔማ ኮምፒውተሮቹን በየከተማው መበተን ነው፣ ለዚህ ተብሎ ራስን ማስረከብ ምን ይሉታል። ይህን ሐሳብ ለድምፅ ያቀረበው ደግሞ ራሱ ወንድሟ፣ ሰንሰለቱን አብሯት ከምንም የሠራው። ደከመኝ እህቴ፣ ይላል፣ ቢያንስ ድምፀ ተአቅቦ አድርጊ፣ ማንንም አታስቀይሚም።

ደከመው። እሷስ አልደከማትም እንዴ። ግን ደንቡ ደንብ ነው፣ በሰንሰለቱ ያለውን የድምፅ ድርሻ ለእሷ በውክልና የሰጠ ሰው ራሱ ካልመረጠ የእሷ ድምፅ የእሱም ሆኖ ይቆጠራል፣ አሁን መሪ ጨብጦ ዳገት የሚወጣው፣ ኔትወርክ የሌለበት ያለው፣ ደክሞት መኪናው ውስጥ የተኛው፣ ሁሉም በእሷ በኩል ነው የሚናገረው፣ እነሱን ወክዬ አፌን ልዝጋ፣ በምን አንጀቴ።

እማዬስ፣ ይላል ወንድሟ፣ አባባ የተወው ድርሻ እሷ ጋ ነው፣ ውክልናውን ብትሰጥሽም ጠይቀሻታል ወይ። እማዬ ሁሌም ከእኔ ጋር ናት፣ ትለዋለች፣ ስልኩን ትዘጋለች።

እቃወማለሁ። ትጫነዋለች፣ ዝም ያሉት ሁሉ ተከትለዋት ይገባሉ፣ ተቃውሞው ከፍ ይላል፣ ይበልጣል፣ ልቧ ሙቅ ይላታል። ከዚያ ይወርዳል። አንድ ድርሻ ከእሷ ተነጥሎ ወደ ድጋፉ ማዶ ተሻግሯል። የአባባ ድርሻ።

እናቷ ጋ ትደውላለች። እማዬ፣ ምነው።

ልጄ፣ አባትሽ ከጭነት መንገድ እስኪመለስ በር በር እያየሁ ነው ያረጀሁት፣ ሰው መንገድ ላይ ሲያድር አልችልም። ደግሞ ራስሽ ምረጪ ብለሽ አይደል ያስተማርሽኝ። ተቀየምሽኝ።

አልተቀየምኩም፣ ትላለች፣ ውሸቷን ነው፣ ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ፣ ሁሌም ከእኔ ጋር ናት ከምል አንዴ ጠይቄያት ቢሆን፣ ዝም ማለቷን እሺታ አድርጌ ስንት ጊዜ በእሷ ስም መረጥኩ፣ ያ የመረቡ ወኪል ቢያደርገው ጉድ ባልኩ። እና አሁን ምን ይሁን፣ ልለምናት፣ መልሺው ልበላት፣ አይደረግም፣ የምሟገተው ማንም ለማንም እንዳይወስን አይደል፣ እኔም ብሆን። ቁጥሮቹ አንገት ለአንገት ተያይዘዋል፣ ወንድሟ እንደገና ይደውላል፣ አታነሳም፣ ተቃውሞዋንም አታነሳም፣ መሸነፍ ካለም በእናቴ ድምፅ ልሸነፍ፣ በእኔ ዝምታ ግን ማንም አያሸንፍም።